ከሦስት ወር መርፌ ወደ ሉፕ፦ የአንዲት የፒያሳ ካሸር ጉዳይ

ሴትየዋ 31 ዓመቷ ነው። ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ካሸር ናት። ሁለት ዓመት ከአራት ወር የሆናት ሴት ልጅ አለቻት። ባለቤቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ ይመላለሳል። ከወጣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ድሮ ቤታቸው ዶሮ ማነቂያ ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ቦሌ አራብሳ ገቡ። ሥራዋ ግን ፒያሳ ቀረ። ሌሊት አሥራ አንድ ተኩል ከቤት ትወጣለች፤ ማታ ስትመለስ ልጇ ተኝታለች።

እኔ አራዳ ክፍለ ከተማ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ነርስ ነኝ። ጉዳዩን የምጽፈው በፈቃዷ ነው። ማንነቷን የሚያሳብቁ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ። እንዲህ ያለ ታሪክ ክፍሌ ውስጥ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ የእሷ ግን ጥያቄዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ይዞ የመጣ ነበር።

ገና ከመቀመጧ፣ "ሲስተር፣ ከሁሉም የሚሻለው የቱ ነው?" አለችኝ።

ይህ ጥያቄ እንዲሁ በደረቁ መልስ የለውም። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ልጅ መቼ ትፈልጊያለሽ? የወር አበባሽ ቢዛባ ወይም ቢቀር ትችይዋለሽ? ሕመም አለብሽ? የምትወስጂው መድኃኒት አለ? ቤት ውስጥ ማን ማወቅ አለበት፣ ማንስ ማወቅ የለበትም? የእሷን ጉዳይ የወሰኑት ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄዎች ናቸው። እሷ ግን ስትመጣ ሁለቱንም አላነሣቻቸውም ነበር።

ከመርፌው እስከ ፖስት ፒሉ

በወለደች በ45ኛው ቀን ለምርመራ ስትሄድ የሦስት ወር መርፌ ጀመረች። መረጠች ማለት ግን ይከብዳል። "ምን ልስጥሽ?" ስትባል "ሰው የሚወስደውን" ነው ያለችው። ሰው የሚወስደው ደግሞ መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በአገራችን ካገቡ ሴቶች 41 በመቶው ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ መርፌ ነው የሚወስዱት፤ ካገቡት ሁሉ 27 በመቶ ማለት ነው። በክንድ የሚቀበረው 9 በመቶ፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ 2 በመቶ ላይ ነበሩ። መርፌ እስከ ጤና ኬላ ድረስ ይገኛል። ለመስጠት ቀላል ነው። ከባልም ከአማትም ደብቆ መውሰድ ይቻላል። መወደዱ አይገርምም።

እሷ ላይ የሆነው እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም ጠብ ጠብ ይላት ነበር። ዛሬ ቆመ ስትል ነገ ይታያል። ዓመት ሲሞላት ደግሞ ጭራሽ ቀረ። ይኼኔ ጎረቤቷ፣ "ደሙ ሆድሽ ውስጥ እየተጠራቀመ ነው፤ አንድ ቀን ጉድ ያደርግሻል" አለቻት። ፈራች።

የተጠራቀመ ደም የለም። መርፌው የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያሳሳዋል። የሚረግፍ ነገር ከሌለ የሚፈስም የለም። መርፌውን አንድ ዓመት ከወሰዱ ሴቶች ግማሽ ገደማዎቹ የወር አበባቸው ይቀራል። ይህን ክንዷ ላይ ከመወጋቷ በፊት ማንም አልነገራትም። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ዳሰሳ፣ መከላከያ ከጀመሩት ከሦስት አንዷ ገደማ በ12 ወር ውስጥ እንዳቋረጠች ተመዝግቧል። ከክፍሌ ተነሥቼ ስናገር፣ አቋርጠው ከሚመጡት ብዙዎቹ መድኃኒቱ ከጎዳቸው ይልቅ ያልተነገራቸው ነገር ያስደነገጣቸው ናቸው።

በዚህ መሀል ቤት መቀየሩ መጣ። መርፌው በየሦስት ወሩ ቀጠሮ አለው፤ ካፌው ደግሞ ፈቃድ አይሰጥም። አንዱን ቀጠሮ አሳለፈች። ሌላውን ሆን ብላ ተወችው። እኔ ጋ ስትመጣ የመጨረሻውን መርፌ ከወሰደች ስምንት ወር ገደማ ሆኗት ነበር። ያላረገዘችው መርፌው ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ይመስለኛል። የወር አበባዋ የተመለሰው ከሦስት ወር በፊት ነው።

ከዚያ በኋላ ባሏ ከጅቡቲ በመጣ ቁጥር ፖስት ፒል መዋጥ ያዘች። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሦስቴ የዋጠችበት ጊዜ አለ። "እሱ በወር አንዴ ነው የሚመጣው፤ ለምን ሁልጊዜ መድኃኒት ሰውነቴ ውስጥ ይቀመጥ?" ትላለች። አነጋገሯ ስሜት ይሰጣል። ሒሳቡ ግን አይሠራም። ፖስት ፒል ለድንገቱ የተሠራ ነው። ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ያውም በቶሎ ሲዋጥ ነው በደንብ የሚሠራው። እንደ መደበኛ መከላከያ ከተያዘ ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰ ያስተማምናል። የወር አበባንም ቀን ያዛባል። "መርፌው እስከ ዛሬ አለቀቀኝም" ብላ የምታማርርበት ወዲያ ወዲህ የሚል ደም፣ ከፊሉ የፖስት ፒሉ ሥራ ነበር።

ጊዮርጊስና የደም ቀን

ልጅ መቼ እንደምትፈልግ ስጠይቃት ፈጥና መለሰች። "ይቺ ትምህርት ቤት ስትገባ። ዕቁቡም ያኔ ይወጣልኛል።" ሁለት ዓመት ገደማ ማለት ነው።

ቀጥዬ፣ "የወር አበባሽ ቢዛባ ምን ትያለሽ?" አልኳት። ዝም አለች። ቀና ብላም፣ "ሲስተር፣ እኔ እኮ መርፌውን የጠላሁት በሌላ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን አስቀርቶኝ ነው" አለች።

ከባለቤቷ ጋር በቁርባን ነው የተጋቡት። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ መቅደስ አትገባም፣ አትቆርብም። ወር በገባ በ23 ደግሞ ጊዮርጊስን ሳትሳለም አትውልም። ቦሌ አራብሳ ከገባች በኋላም ይህን አላቋረጠችም፤ ከሥራዋ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። መርፌ ላይ ሳለች ግን ደሙ መቼ እንደሚታይ ስለማታውቅ ከውጭ ቆማ የተሳለመችባቸው ወራት ብዙ ናቸው። "ሰው ምን ይለኛል፣ ሁሌ ከውጭ?" አለች።

ይህ ጉዳይ በመማሪያ መጽሐፎቻችን ውስጥ "የደም መዛባት" ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። እኔ ክፍል ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። ሙስሊም ደንበኞቼም ያነሡታል፤ ሶላቱ አለ፣ ረመዳን አለ። ትንሽ ነጠብጣብ ለአንዷ ምንም አይደለም፤ ለሌላዋ የሳምንቷን ሕይወት ይቀይራል። ስለዚህ "መዛባቱ ጉዳት የለውም" ብሎ ማጽናናት ለእንዲህ ያለች ሴት መልስ አይሆንም። ሕክምናው የሚለው ትክክል ነው፤ የእሷ ጥያቄ ግን ሌላ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ በክንድ የሚቀበረው ወደኋላ ሄደ። እኔ ብሆን እሱን ነበር የምመርጠው፤ አልደብቅም። ባለ አንድ ዘንጉ ኢምፕላኖን ሦስት ዓመት፣ ባለ ሁለት ዘንጉ ጃዴል አምስት ዓመት ይሠራል። በአስተማማኝነት የሚቀድመው የለም፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ1000 ተጠቃሚዎች የሚያረግዙት አንዷ ብትሆን ነው። ሲወጣ የመውለድ ዕድል ወዲያው ይመለሳል። ነገር ግን የደሙን ቀን አስቀድሞ መናገር አይቻልም። አንዷ ላይ ይቀራል፣ ሌላዋ ላይ ለሳምንታት ጠብ ጠብ ይላል። ነግሬያት ስጨርስ ራሷን ነቀነቀች።

መርፌውን መቀጠልም ሌላ እንቅፋት ነበረው። ከዲፖ፣ ማለትም ከሦስት ወሩ መርፌ በኋላ ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ በአማካይ አሥር ወር ገደማ ይወስዳል። መካን አያደርግም፤ ያዘገያል። በሁለት ዓመት ውስጥ ልጅ ለምታስብ ሴት ይህን አውቆ መጀመር ሌላ፣ ኋላ ላይ መደንገጥ ሌላ ነው።

ቦርሳዋ ውስጥ የነበረው ኪኒን

የሥራ ባልደረባዋ የሚዋጥ ኪኒን መክራት ነበር። ምክሩ ከንቱ አይደለም። ሁለት ሆርሞን ያለው ድብልቁ ኪኒን የወር አበባን በቀኑ ያመጣል፤ ለቤተ ክርስቲያኗ ጉዳይ ከሱ የሚመች የለም። እንዲያውም ከአንድ ፋርማሲ ሁለት እሽግ ገዝታ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ነበር። አልጀመረችውም።

ደም ግፊቷን ለካሁ። 148 በ94። "ሮጬ ስለመጣሁ ነው" አለች። አሳርፌ ደግሜ ለካሁ፤ 146 በ92። ከዚያ በፊት ግፊት እንዳለባት የነገራት ሰው የለም። እናቷ ግን ግፊት አለባቸው። በቀጣዩ ቀጠሮዋም ቁጥሩ ከ140 በታች አልወረደም።

ድብልቁ ኪኒን ኢስትሮጅን አለው። ኢስትሮጅን ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ግፊት ባለባት ሴት ላይ ደግሞ የስትሮክና የልብ ሕመም ዕድልን ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግፊቷ ከ140 በ90 በላይ ለሆነ ሴት ሌላ አማራጭ እያለ ይህን ኪኒን አትስጡ ይላል። ከ160 በ100 ካለፈ ጭራሽ አይሰጥም። ኪኒኑን የሸጡላት ሰዎች ግፊቷን አልለኩም። የእጅ መለኪያው እዚያው ባንኮኒው ላይ ይኖር ይሆናል፤ ጠይቃ አታውቅም፣ እነሱም አላሰቡትም። አንድ ነገር ብቻ አንባቢ ከዚህ ይዞ ቢሄድ ደስ ይለኛል፦ ድብልቅ ኪኒን ከመጀመርሽ በፊት ግፊትሽን ተለኪ። ፋርማሲም ቢሆን፣ ጎረቤትም ቢሆን።

በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ላክኋት። ሐኪሙ በተደጋጋሚ ካስለካት በኋላ አምሎዲፒን ጀመረላት። ልጅ እንደምታስብ አስቀድማ እንድትነግረው መክሬያት ነበር፤ ነገረችው። ምክንያቱም እኛ ጋ በብዛት ከሚታዘዙት የግፊት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ኢናላፕሪል በእርግዝና ጊዜ ለፅንሱ አደገኛ ነው።

ሌሎቹን አማራጮች በፍጥነት አለፍናቸው። ማህፀን ማስቋጠር ልጅ ለምትፈልግ ሴት አይነሣም። ቀን መቁጠር ደግሞ የሚቆጠር ቀን ይፈልጋል፤ የእሷ ተዛብቷል። ኮንዶም ብቻውን በተለመደው አጠቃቀም በዓመት ከ100 ሴቶች 13ቱን ያህል ለእርግዝና ይዳርጋል። "ጾሙስ?" አለች እየሳቀች። ጾም ለነፍስ ነው እንጂ ለቤተሰብ ምጣኔ አይታመንም። የፋሲካ ልጆች ብዙ ናቸው።

"ወደ ልብ ይሄዳል አሉ"

የቀረው ሉፕ ነው። ስሙን ስጠራ ፊቷ ተለወጠ። "ሲስተር፣ እሱማ ወደ ልብ ይሄዳል አሉ።"

የሰማችውን ሁሉ ዘረገፈች። ወደ ልብ ይሄዳል። ባልን ይወጋል። ዕቃ ሲያነሱ ይወድቃል። ፅንስ ያስወርዳል። አንድ በአንድ ሄድንበት፤ ረጅሙ ጨዋታችን ይህ ነበር።

ሉፕ የቲ ቅርጽ ያለው ትንሽ ፕላስቲክ ነው፤ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ሆርሞን የለውም። መዳቡ የወንዱን ዘር ያዳክማል፣ ከእንቁላሉ ጋር እንዳይገናኝ ያደርጋል። ዋና ሥራው ይህ ስለሆነ ማስወረጃ አይደለም። ማህፀን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ከማህፀን ወደ ልብ የሚወስድ መንገድ የለም። እውነቱን ሳልደብቅ የነገርኳት ግን አለ። ሲገባ ማህፀን ሊበሳ ይችላል፤ ከ1000 ሴቶች በአንዷ ወይም በሁለቱ ላይ። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊወጣም ይችላል። የሚወጣው ግን ማህፀን ሲገፋው ነው፤ የውኃ ጀሪካን በማንሣት አይደለም። ክሩ ለባሏ ከተሰማው ደግሞ ማሳጠር ይቻላል።

ከዚያ ለእሷ ዋና የሆነውን አነሣሁ። የመዳብ ሉፕ የወር አበባን ቀን አይቀይርም። መጠኑን ግን ይጨምራል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ደሙ ይበዛል፣ ቀኑ ይረዝማል፣ ቁርጠቱ ይጠነክራል፤ በመሀል ነጠብጣብም ሊኖር ይችላል። የእሷ የወር አበባ በተፈጥሮው አራት ቀን ነው፣ መካከለኛ። የደም ማነስ የለባትም። ብዙ የሚፈሳት ሴት ብትሆን ኖሮ ሌላ ነበር የምላት።

አንድ ከባድ ጥያቄ ቀረ። ባለቤቷ መንገድ ላይ ነው የሚያድረው። ሉፕ ከኤች አይ ቪም ከአባላዘር በሽታም አይከላከልም። ኢንፌክሽን እያለ ማስገባትም ጥሩ አይደለም። ይህን ስል ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። "እኔ አምነዋለሁ" አለች። እኔም ስለ መታመኑ አልጠየቅኋትም፤ ሁለታችሁም ብትመረመሩ ይሻላል አልኳት።

የመጨረሻውን ፖስት ፒል ከዋጠች ገና አሥር ቀን ገደማ ስለነበር በዚያ ቀን አልገባላትም። የሽንት ምርመራ በዚያ ጊዜ እርግዝናን ገና ላያሳይ ይችላል። ኮንዶም ሰጠኋት። የወር አበባሽ ሲመጣ ነይ አልኳት፤ ደም ከጀመረ እስከ 12ኛው ቀን ሉፕ ማስገባት ይቻላል። አገልግሎቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ነው።

ባልየው

ሳትጠበቅ ከባለቤቷ ጋር ተመልሳ መጣች። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው። ወንዶች እኛ ክፍል ሲገቡ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች ያስጨንቋቸዋል።

የጠየቀው አንድ ነገር ነው። "ሲስተር፣ ልጅ ስንፈልግ ይወጣል?" በፈለጉበት ቀን ይወጣል። እስከ 12 ዓመት መቆየት ይችላል ማለት 12 ዓመት ይቆያል ማለት አይደለም። ከወጣ በኋላ የመውለድ ዕድሏ ወዲያው ይመለሳል። ይህን ሲሰማ ትከሻው ወረድ አለ። ለካ ሚስቱ "ለ12 ዓመት" ብላ ነግራው ኖሯል። ሁለቱም ለምርመራ ደም ሰጡ። ውጤታቸው ነፃ ሆነ።

ሉፑ የገባው የወር አበባዋ በመጣ በአራተኛው ቀን ነው። በእጅ ምርመራ ማህፀኗን አየሁ። የኢንፌክሽን ምልክት አልነበረም። የማህፀኗን ጥልቀት ለክቼ አስገባሁት፤ ክሩን ቆረጥኩ። ጥርሷን ነክሳ "እሜቴ ማርያም" አለች። ደቂቃዎች ናቸው የፈጀው። ትንሽ ተኝታ ቁርጠቱ ሲለቃት ተነሣች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ይሠራል። ከባድ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የወር አበባ መቅረት፣ የክሩ መጥፋት ከታየ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነይ ብዬ ካርዷ ላይ ጻፍኩላት።

ከዚያ በኋላ

የመጀመሪያው ወር ከባድ ነበር። አራት ቀን የነበረው ሰባት ቀን ሆነ። ሞዴሷ እጥፍ ሆነ። ካሸር ቆማ አትሠራም እንጂ ቆማ ብትሠራ ምን ትሆን ነበር እያለች መጣች። ክሩ በቦታው ነው። ሄሞግሎቢኗ 12.4 ነው፣ ደህና ነው። እንዲህ ሲሆን በአብዛኛው ለጥቂት ቀን ኢቡፕሮፌን ይታዘዛል፤ ደሙንም ቁርጠቱንም ይቀንሳል። እሷ ላይ ግን ኢቡፕሮፌን ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ሐኪሙ አልፈለገውም። ለቁርጠቱ ፓራሲታሞል አዘዘላት። ለደሙ እንጠብቅ አልን። ላውጣው ካለችም ወዲያው እንደማወጣላት ነገርኳት። ይህን ማለት ግዴታ ነው፤ ካላልነው "አስገቡልኝና እምቢ አሉኝ" የሚለው ወሬ ይሄዳል፣ አንዳንድ ቦታም እውነት ነው።

አላስወጣችም። በሦስተኛው ወር ደሙ ስድስት ቀን ላይ ደረሰ፤ ቁርጠቱም ቀለለ። አንድ ወር ላይ በ23 ከውጭ ቆማ ተሳልማለች። ቅር አላት? "አይ፣ ይኼ እንኳ ቀኑን አውቄው ነው" አለችኝ። ቀናቱ ረዝመዋል፤ ግን መቼ እንደሚጀምሩ ታውቃለች፣ የቁርባኗንም ቀን በዚያው ታመቻቻለች። ባልደረቦቼ ይህን ስነግራቸው ተከራከሩኝ። አንዷ፣ "ደሟን ጨመርሽባት እንጂ ምን አደረግሽላት?" አለች። ለደንበኛዬ ትርፉ ቀኑን ማወቅ ነው። እሱን ለመመዘን እኛ አይደለንም የተቀመጥነው።

ግፊቷ አሁን 130ዎቹ ውስጥ ነው። ከፋርማሲው የገዛቻቸውን ሁለት እሽግ ኪኒኖች አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሉፑን ለማስወጣት ያሰበችው ልጅቷ ኬጂ ከገባች በኋላ ነው። ከመፀነሷ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድማ ፎሊክ አሲድ እንድትጀምር፣ የግፊት መድኃኒቷንም ሐኪሙ ደግሞ እንዲያይላት ካርዷ ላይ ሰፍሯል። ባለቤቷም አብሯት የመጣ ዕለት የራሱን ግፊት ሊለካ ቃል ገብቶ ነበር። ሹፌሮች ቁጭ ብለው ነው የሚውሉት፣ ይመከራል። እስካሁን አልመጣም።